ቶኩጂ ሐያካዋና ሳይቀረጽ የሚጽፈው እርሳስ

ት/ቤታችን የምሥረታውን በዓል በሚያከብርበት በዚህ ዓመት ለመጽሔቱ ጽሑፍ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ፣ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር መሪዎች የሚጽፉ ሌሎች እንደማይጠፉ አሰብን። ስለዚህ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች፣ በየቀኑ በእጃችን ስለምንይዘው ስለ እርሳስ፣ ይልቁንም ሳይቀረጽ ስለሚጽፈው እርሳስና በእርሱ ምክንያት ስሙ ስለ ታወቀው ስለ ጃፓናዊው ስለ ቶኩጂ ሐያካዋ ልንጽፍ ወደድን።

በእንጭኒና በአካባቢዋ ያደግን ልጆች እርሳስን የምናውቀው ከነችግሩ ነው። አንዱን እርሳስ ለሁለት ቆርጠን ከእኅት ከወንድም ጋር ተካፍለናል፤ መቅረጫ ሲታጣ በምላጭ ቀርጸን ጣታችንን ቆርጠናል፤ መሬት ላይ የወደቀ እርሳስ ውስጡ ተሰባብሮ በቀረጽነው ቁጥር ጫፉ ሲወድቅ አዝነናል። ኋላም ከመካከላችን አንዱ ከአዲስ አበባ የተላከለትን ሜካኒካል እርሳስ ይዞ በመጣ ቀን ክፍሉ በሙሉ ከበበው። ራሱን ጫን ሲሉት ቀጭኑ ጥቁር ዘንግ ብቅ ይላል፤ መስመሩም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይወፍርም። ነገር ግን ዘንጉ ባለቀ ጊዜ በከተማው ሱቆች ፈልገን ስላጣን፣ ያ የተደነቀ ዕቃ የኪስ ጌጥ ሆኖ ቀረ። እንግዲህ ይህን ነገር ማን እንደ ሠራው ለማወቅ የተነሣነው ከዚህ በኋላ ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። መጻፊያውን የምንጠራበት ስም የከባዱ ማዕድን የእርሳስ ስም ቢሆንም፣ በውስጡ ግን ያ ማዕድን የለም። ያለው ግራፋይት የተባለ የካርቦን ዓይነት ከሸክላ አፈር ጋር ተለውሶ በእሳት የተጠበሰ ነው። ይህን ዘዴ በ1795 ያገኘው ፈረንሳዊው ኮንቴ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1822ም ሐውኪንስና ሞርዳን የተባሉ ሁለት ሰዎች ዘንጉን ወደ ፊት እየገፋ ለሚያወጣ የብረት እርሳስ በእንግሊዝ አገር የባለቤትነት ፈቃድ አገኙ። ስለዚህ ሐያካዋ የዚህ ነገር የመጀመሪያው ፈልሳፊ አይደለም። የእርሱ ሥራ በቀላሉ ይሰበር የነበረውን ዕቃ የሚያገለግል መሣሪያ ማድረጉ ነው።

ቶኩጂ ሐያካዋ ኅዳር 3 ቀን 1893 በቶኪዮ ከተማ ተወለደ። ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው ለሌላ ቤተ ሰብ በማደጎ ተሰጠ። በዚያም ቤት የእንጀራ እናት በጽኑ ታስጨንቀው ነበር፤ ሌሎች ልጆች በሚተኙበት ሰዓት እርሱ የክብሪት ሣጥን በሙጫ ሲያጣብቅ ያመሽ ነበር። ትምህርቱንም ገና ፊደል በለየበት ዕድሜ እንዲያቋርጥ ተደረገ። ይህን ያየች አንዲት ዓይነ ስውር ጎረቤት አዘነችለትና በ1901 እጁን ይዛ የብረታ ብረት ጌጥ ከሚሠራ አንጥረኛ ዘንድ ወስዳ ሥራ እንዲማር አስገባችው። መሪ የሚያስፈልጋት ሴት ለሚያየው ልጅ መሪ ሆነችው። ሐያካዋም ይህን ውለታ እስከ ዕለተ ሞቱ አልረሳም።

በአንጥረኛው ቤት ብረት መቁረጥን፣ መቀጥቀጥንና ማለስለስን ለዓመታት ተማረ። በአገራችን ባለ እጅን መናቅ የቆየ በደል እንደ ነበረ፣ ዐፄ ምኒልክም ሠራተኛን በእጁ ሥራ መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል መድረሳቸውን ስናስታውስ፣ ያ ልጅ የቆመበት ስፍራ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው እንረዳለን።

በ1912 ቀዳዳ የማያስፈልገው የቀበቶ ዘለበት ፈለሰፈ። በዚያው ዓመት መስከረም ወር፣ ዛሬ እኛ ባለንበት በዐሥራ ስምንት ዓመቱ፣ አብዛኛው ብድር በሆነ ጥቂት ገንዘብ የራሱን ሥራ ቤት ከፈተ። በ1915ም የሜካኒካል እርሳስ የውስጥ ብረቶች እንዲሠራ ታዘዘ። ሐያካዋ ግን የታዘዘውን ብቻ ሠርቶ ዝም አላለም። በዚያን ጊዜ ይሸጥ የነበረው ዓይነት ቶሎ የሚሰበር መሆኑን አይቶ፣ በመጠምዘዝ ዘንጉን የሚያወጣ ጠንካራ የናስ አካል ሠራና በኒኬል ለበጠው።

የአገሩ ነጋዴዎች በመጀመሪያ አልወደዱለትም፤ ብረት በመሆኑ በክረምት እጅን ያቀዘቅዛል፣ ከኪሞኖ ልብስም ጋር አይስማማም ይሉ ነበር። ይሁን እንጂ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት የጀርመን ዕቃ ከገበያ በመጥፋቱ፣ በዮኮሐማ ካለ የንግድ ቤት በኩል ከውጭ አገር ብዙ ትእዛዝ መጣለት። ከዚያ ወዲያ የናቁት ነጋዴዎች ራሳቸው ፈላጊዎቹ ሆኑ። ዘንጉንም ይበልጥ አቅጥኖ ኤቨር ሬዲ ሻርፕ የሚል ስም ሰጠው። የጃፓን ተማሪዎች እስከ ዛሬ ማናቸውንም ሜካኒካል እርሳስ የሚጠሩት ሻርፕ በሚለው ቃል ነው።

ሥራው ሰፍቶ ሁለት መቶ ያህል ሠራተኞች ሲያስተዳድር ሳለ፣ መስከረም 1 ቀን 1923 ታላቁ የካንቶ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ከመንቀጥቀጡም የተነሣው እሳት ቶኪዮን አቃጠላት። ሐያካዋ በዚህ አደጋ ባለቤቱንና ሁለት ልጆቹን አጣ፤ ፋብሪካውም አመድ ሆነ። በዚህ ኀዘን ላይ ሳለ ኦሳካ የሚገኝ ደንበኛው ያበደረውን ገንዘብ ጠየቀው። እርሱም በክርክር ፋንታ የእርሳሱን የባለቤትነት መብት ለአበዳሪው ሰጠ። ከዚህም በላይ ወደ ኦሳካ ሄዶ ሠራተኞቻቸውን የእርሳሱን አሠራር አስተማረ። የስሙ መጠሪያ የሆነውን ነገር በገዛ እጁ ለሌላ አስረከበ ማለት ነው።

ልክ በዓመቱ፣ መስከረም 1 ቀን 1924፣ በኦሳካ አዲስ የብረታ ብረት ሥራ ቤት አቋቋመ። ቀጥሎም ከውጭ የመጣ አንድ የራዲዮ መቀበያ ገዝቶ፣ የኤሌክትሪክን ትምህርት ሳይማር ፈታቶ መረመረውና በ1925 በጃፓን አገር የተሠራውን የመጀመሪያውን ክሪስታል ራዲዮ አወጣ። ኩባንያው በ1953 ቴሌቪዥን፣ በ1964 በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሒሳብ ማስያ ለገበያ አቀረበ። በ1970ም በቀድሞው እርሳስ ስም ሻርፕ ተባለ።

ያችን ዓይነ ስውር ሴትም በሥራ አሰባት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዓይናቸውን ያጡ ሰዎች ሠርተው የሚያድሩበት ፋብሪካ አቆመ፤ ይህም በ1950 ራሱን የቻለ ኩባንያ ሆነ። ሐያካዋ ሰኔ 24 ቀን 1980 በሰማንያ ስድስት ዓመቱ ዐረፈ።

ይህን ታሪክ ካነበብን በኋላ ያን ያለ ዘንግ የቀረውን የጓደኛችንን እርሳስ በፈቃዱ ፈታታነው። በውስጡ አንዲት ትንሽ ሞላ፣ አንድ ቀለበትና ጫፉ የተሰነጠቀ የብረት መያዣ አገኘን። ራሱ ሲጫን መያዣው ዘንጉን ነክሶ ወደ ፊት ይወጣል፤ ከቀለበቱ ሲያልፍም ጥርሶቹ ይከፈታሉ፤ ሲለቀቅ ሞላው ዘንጉን ውጭ ትቶ መያዣውን ብቻ ወደ ኋላ ይመልሳል። መልሰን ለመግጠም ሁለት ቀን ፈጀብን፤ ቢሆንም ተሳካልን።

ስለዚህ ለታናናሾቻችን የምንመክረው እንዲህ ነው። እጁ ገና ላልጠናና አጥብቆ ለሚጫን ሕፃን የእንጨቱ እርሳስ ይሻለዋል። ሜካኒካሉን የሚይዝ ተማሪ ዘንጉን ብዙ አያስረዝም፤ የዘንጉንም ውፍረት አውቆ ትርፍ ሳይዝ አይግዛ። ለወላጆቻችንም አንድ ልመና አለን፤ ልጅዎ ዕቃ ፈታትቶ ቢያገኙት ከመቆጣት አስቀድመው መልሶ እንዲገጥመው ይዘዙት። እኛም ከዚህ ት/ቤት ወጥተን ከፊላችን ወደ ከፍተኛ ትምህርት፣ ከፊላችንም ወደ እጅ ሥራ ስንሄድ፣ እጃችንን ይዘው እዚህ ያደረሱንን መምህራንና ወላጆች እንዳንረሳ እግዚአብሔር ይርዳን።