ሰር ሃምፍሪ ዴቪና የመርከቦች መዳብ

የታላላቅ ሊቃውንት ታሪክ ለተማሪዎች ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚወሳው የተሳካላቸው ሥራ ብቻ ነው፤ ያልተሳካው ይታለፋል። ይሁን እንጂ ከድል ይልቅ ውድቀት የሚያስተምርበት ጊዜ አለ። የእንግሊዛዊው የኬሚስትሪ ሊቅ የሰር ሃምፍሪ ዴቪ ሕይወት ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ይህ ሰው መዳብ በባሕር ውሃ እንዳይበላ የሚጠብቀውን ትክክለኛ ዘዴ አገኘ፤ በዚያው ዘዴም በአገሩ ሰዎች ፊት አፈረ።

ዴቪ የተወለደው በ1778 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ኮርንዎል በሚባለው አገር፣ ፔንዛንስ በተባለች የባሕር ዳር ከተማ ነው። አባቱ እንጨት እየቀረጸ የሚተዳደር ሰው ነበር፤ በ1794 ዓ.ም. ሲሞት ለሚስቱና ለአምስት ልጆቹ ያወረሳቸው ዕዳ ነበር። የበኩር ልጅ የነበረው ሃምፍሪም በ16 ዓመቱ አካባቢ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ለአንድ የከተማው ሐኪምና መድኃኒት ቀማሚ ረዳት ሆነ። ከዚያ በኋላ የተማረውን ሁሉ የተማረው ራሱን በራሱ እያስተማረ ነው።

በ1798 ዓ.ም. ወደ ብሪስቶል ሄዶ ልዩ ልዩ ጋዞች ለሕክምና የሚሰጡትን ጥቅም በሚመረምር ተቋም ገባ። በ1801 ዓ.ም. በለንደን ሮያል ኢንስቲትዩሽን ወደሚባለው የትምህርትና የምርምር ቤት ተጠራ። በዚያም ንግግሩ እንደ ምርምሩ ማራኪ ስለ ነበረ፣ የከተማው ሰው እርሱን ለመስማት ይጋፋ ነበር።

በዚያን ዘመን ጣሊያናዊው ቮልታ በ1800 ዓ.ም. ያስታወቀው የኤሌክትሪክ ባትሪ ለሊቃውንት አዲስ በር ከፍቶ ነበር። ዴቪም በዚህ በር ከገቡት ቀዳሚዎች አንዱ ሆነ። ሁለት ንጥረ ነገሮች እርስ በርሳቸው የሚዋሐዱበት ኃይልና የኤሌክትሪክ ኃይል ከአንድ ምንጭ የሚመነጩ መሆናቸውን በ1806 ዓ.ም. አስረዳ። በማግሥቱ ዓመት በኤሌክትሪክ ኃይል ፖታሲየምንና ሶዲየምን ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ አወጣ። በ1812 ዓ.ም. የሰርነት ማዕረግ ተሰጠው። በ1815 ዓ.ም. በከሰል ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ጋዝ እንዳይፈነዳ የሚከላከል የማዕድን ሠራተኞች ፋኖስ ሠራ፤ የብቻ ባለመብትነቱንም ሳይጠይቅ ለሠራተኞቹ ጥቅም ተወው። በ1820 ዓ.ም. ሮያል ሶሳይቲ የተባለው የሊቃውንት ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ።

የብሪታንያ የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት ችግሩን ይዞ ወደዚህ ማኅበር የመጣው ዴቪ በክብሩ ጫፍ ላይ ሳለ በ1823 ዓ.ም. ነበር። ችግሩ ግን አሮጌ ነበር። የእንጨት መርከብ ሁለት ጠላቶች አሉት። አንደኛው እንጨቱን እየቦረቦረ የሚበላው የባሕር ትል ነው፤ ሁለተኛው ከሆዱ ሥር ተጣብቆ ጕዞውን የሚያጓትተው የባሕር አረምና ቅርፊት ለበስ እንስሳ ነው። እነዚህን ለመከላከል አላርም የተባለችው የጦር መርከብ በ1761 ዓ.ም. ሆዷ በስስ ዝርግ መዳብ ተለበጠ። ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ ስትመረመር፣ መዳቡን የነኩት የብረት ምስማሮች ክፉኛ ተበልተው ተገኙ። በመዳቡና በምስማሩ መካከል ወረቀት ሳይቀደድ በቀረበት ስፍራ ግን ምስማሩ ደኅና ነበር። ከዚህ የተነሣ ከውሃ በታች ያለው የብረት ምስማር በመዳብ ቅልቅል ምስማር እየተተካ ሄደ። ይሁን እንጂ መዳቡ ራሱ በጨው ውሃ ቀስ በቀስ እየተበላ ስለሚያልቅ፣ መርከቦችን ደጋግሞ መለበጥ ለመንግሥት ከባድ ወጪ ሆነ።

ዴቪ ነገሩን በኤሌክትሪክ ዓይን ተመለከተው። ሁለት ልዩ ልዩ ማዕድናት በጨው ውሃ ውስጥ ሲነካኩ ትንሽ ባትሪ ይሆናሉ። ከሁለቱ ወደ መዋሐድ የሚቸኩለው እየሟሟ ይሄዳል፤ ሌላው ግን ይጠበቃል። ብረት ከመዳብ ጋር ሲነካካ የሚበላው ብረቱ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ መዳብን ማዳን ከተፈለገ፣ በመዳቡ ፈንታ የሚበላ ትንሽ ብረት ወይም ዚንክ ማስጠጋት ይበቃል። በ1824 ዓ.ም. በሠራው ሙከራ የአተር ፍሬ የምታህል ዚንክ ከ40 እስከ 50 ካሬ ኢንች የሚሆን መዳብ ከመበላት አዳነች። ዴቪም ግኝቱን ለማኅበሩ በጽሑፍ አቀረበ፤ በፖርትስማውዝ ወደብ የተደረገው ሙከራም ሐሳቡን አጸና። ከዚህ በኋላ የባሕር ኃይሉ በመርከቦች ላይ መከላከያውን ማስገጠም ጀመረ።

መዳቡም በእርግጥ ተጠበቀ። ነገር ግን መርከቦቹ ከባሕር ሲመለሱ ያልታሰበ ነገር ታየ፤ ሆዳቸው በአረምና በቅርፊት ለበስ እንስሳት ተሸፍኖ ነበር፤ ፍጥነታቸውም ቀንሶ ነበር። ምክንያቱ እንዲህ ነው። መዳብ በባሕር ውስጥ ጥቂት በጥቂት ሲሟሟ ከላዩ የሚወጣው ነገር ለእነዚያ ፍጡራን መርዝ ነው። መሟሟቱ ሲቆም መርዙም ቆመ። ከዚህም በላይ በተጠበቀው መዳብ ላይ ከባሕሩ ውሃ የወጣ የኖራና የማግኒዥየም ደለል እየተጋገረ ለአረሙ መያዣ ሆነለት። መዳቡን ይጎዳው የነበረው መበላት መርከቢቱን የሚያገለግል ሆኖ ተገኘ። ዴቪ የተጠየቀውን ጥያቄ በትክክል መለሰ፤ ነገር ግን መዳቡ በመርከቢቱ ላይ ስለ ምን እንደ ተለበጠ የሚጠይቀው ሌላው ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ።

በ1825 ዓ.ም. የባሕር ኃይሉ መሥሪያ ቤት መከላከያው ባሕር በሚሻገሩ መርከቦች ላይ እንዲቀር አዘዘ። በየአደባባዩ ሲመሰገን የኖረው ሊቅ መነቀፊያና መዘባበቻ ሆነ፤ ሐዘኑም ጥልቅ ነበር። በ1826 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ አካልን የሚያሽመደምድ ሕመም ያዘው፤ በማግሥቱ ዓመት ከፕሬዚዳንትነቱ ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ጤናውን ፍለጋ በአውሮፓ ሲዘዋወር ሜይ 29 ቀን 1829 ዓ.ም. ገና በ50 ዓመቱ በጄኔቫ ዐረፈ፤ በዚያም ተቀበረ።

ከዚህ ታሪክ ጋር አብሮ መነገር የሚገባው የአንድ ደቀ መዝሙር ታሪክ አለ። ማይክል ፋራዴይ የመጽሐፍ ጥረዛ የተማረ ድኻ ወጣት ሳለ በ1812 ዓ.ም. የዴቪን ትምህርት ሰማ፤ የሰማውንም ጽፎና ጠርዞ ላከለት። ዴቪም በ1813 ዓ.ም. ረዳቱ አደረገው። ራሱ ያለ ደጋፊ ያደገው ሰው ለሌላ ድኻ በር መክፈቱ መልካም ሥራ ነበር። ነገር ግን ደቀ መዝሙሩ ስሙ እየገነነ ሲሄድ የመምህሩ ልብ ጠበበ። በ1824 ዓ.ም. ፋራዴይ የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኖ ሲመረጥ ዴቪ ተቃዋሚ ነበር። መዳብ እንዲድን ዚንክ መሥዋዕት እንዲሆን ያስተማረው ሰው፣ ደቀ መዝሙሩ ከፍ እንዲል የራሱን ክብር ጥቂት ዝቅ ማድረግ አልሆነለትም። ፋራዴይ ግን በ1830ዎቹ ዓመታት የሚሟሟው ማዕድን መጠን በሚያልፈው ኤሌክትሪክ መጠን የሚለካ መሆኑን በሕግ አጸና። ለአንድ መርከብ ምን ያህል ዚንክ እንደሚያስፈልግ የሚሰላው በዚሁ ሕግ መሠረት ነው። መምህሩ የጀመረውን ደቀ መዝሙሩ ፈጸመው።

የዴቪ ዘዴም ከእርሱ ጋር አልተቀበረም። የመርከብ አካል ከእንጨት ወደ ብረት ሲለወጥ የተጣላው ነገር ታረቀ፤ አረሙን የሚከላከል ቀለም ከውጭ ይቀባል፣ ዝገቱን የሚከላከል የዚንክ ወይም የአሉሚኒየም ቁራጭ ከአካሉ ጋር ይታሰራል። ቁራጩ ተበልቶ ሲያልቅ በሌላ ይተካል። በመሬት ውስጥ የተቀበሩ የነዳጅና የውሃ የብረት ቧንቧዎችም በዚሁ ሐሳብ ይጠበቃሉ። በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ወደቦች የሚቆሙት የብረት መርከቦች ከውሃው በታች ይህንኑ መከላከያ ይዘው ይጓዛሉ።

ከባሕር ርቆ ለሚኖር ተማሪም ምሳሌው ከራሱ በላይ ነው። የትምህርት ቤቱ ክዳን ቆርቆሮ ዚንክ የለበሰ ብረት ነው፤ ብረትን በዚንክ የመለበጥ ሥራ በፈረንሳይ የፈጠራ መብት የተሰጠው በ1837 ዓ.ም. ነው። ቀለም ብቻ የተቀባ ብረት ቀለሙ ከተፋቀበት ስፍራ ወዲያው ይዝጋል። ቆርቆሮ ግን በሚስማር ቢጫርም በዙሪያው ያለው ዚንክ ስለ ብረቱ እየተበላ ጭረቱን ለብዙ ጊዜ ይጠብቀዋል። ዚንኩ ሲያልቅ ያን ጊዜ ቀዩ ዝገት ይታያል።

መምህር ይህን ክዳን እያሳየ የዴቪን ታሪክ ሲነግር ውድቀቱን ሳይሸሽግ መንገር ይገባዋል። ዴቪ የተናገረው ሕግ እውነት ነበር፤ በባሕር ላይ የተሸነፈው ሕጉ ሳይሆን ሕጉ ብቻውን ይበቃል የሚለው ተስፋ ነው። በብርጭቆ ውስጥ የታየ እውነት በሚሠራበት ስፍራ እንደ ገና እስኪፈተን ድረስ ሙሉ ዕውቀት አይባልም። ይህን የተረዳ ተማሪ ሙከራው ባይሳካለት አያፍርም፤ ያልጠየቀው ጥያቄ የትኛው እንደ ሆነ ይፈልጋል እንጂ።