ሐኪም አገር ያስተዳድራል ወይ?

በዕረፍት ቀናችን የአገር ጉዳይ ተነሥቶ ክርክሩ ሲጦፍ አንድ አሳብ ደጋግሜ እሰማለሁ። ፖለቲከኛ በቃን፣ ሥልጣኑ ለሳይንስ ሰው ቢሰጥ አገር ይቀና ነበር የሚል። እኔ ደግሞ ነገሩን በደፈናው ከመከራከር በሥራው የተፈተነ ሰው ታሪክ ማየት ይሻላል ብዬ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ሕይወት ልጽፍላችሁ ወደድኩ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው ያስቀመጥኳቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው መቅደላ ላይ ነው። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝና አፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ፣ በዚያ ግርግር አንድ የሦስት ወይ የአራት ዓመት የጎንደር ልጅ ከወላጆቹ ተለይቶ ቀረ። አንድ ቻምበርሊን የሚባል የእንግሊዝ ኮሎኔል አንሥቶ ወደ ሕንድ ወሰደው። ኮሎኔሉ ብዙም ሳይቆይ ስለሞተ፣ ማርቲን የሚባል ሌላ ኮሎኔል የትምህርቱን ወጪ ቻለ። ልጁም የሁለቱን ፈረንጆች ስም ይዞ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። እዚህ እኛ መካከል ማዳም ለአፏ እንዲመቻት ስሟን የለወጠችባት፣ ወይም ደላላ በፓስፖርቷ ላይ የማታውቀውን ስም የጻፈባት እህት ትኖራለች። ይህ ነገር ምን ማለት እንደሆነ ለእሷ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ቻርልስ ላሆር ከተማ ሕክምና ተማረ፣ ኋላም ስኮትላንድ ሄዶ ትምህርቱን አጠናከረ። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠነ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እሱ ነው ይባላል። ከዚያ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር በርማ ውስጥ ሐኪም ሆኖ ተቀጠረ። ደመወዙም ማዕረጉም ደህና ነበር። ታዲያ በ1896 የዓድዋ ድል ወሬ ዓለምን ሲያዳርስ ይህ ሰው ልቡ ወደ አገሩ ሸፈተ። በ1890ዎቹ መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ ገባ። አማርኛ አያውቅም፣ በአስተርጓሚ ነበር የሚናገረው። ሕመምተኛ እያከመ ሳለ ወሬው ተዛመተና አያቱ መጡ። በሰውነቱ ላይ ባለ ጠባሳ የጠፋው የልጅ ልጃቸው መሆኑን ለዩት። ወርቅነህ የሚለውን ስሙንም ያን ጊዜ አገኘ። ከዚህ በኋላ እኔም አንቱ ልበላቸው።

ወዲያው ጠቅልለው አልገቡም። ወደ በርማ ተመለሱ፣ እንደገና መጡ፣ እንደገና ሄዱ። ያው እንደኛው ነው፣ እንጀራ ያለበት ቦታና ልብ ያለበት ቦታ ሲለያይ ሰው ይመላለሳል። በ1919 ጡረታ ወጥተው ግን አገራቸው ገቡና ተቀመጡ። በ1925 የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ኃላፊ ሆኑ። ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲኖር ደከሙ። የውጭ አገር ሰዎች ጉዳይ በሚታይበት ልዩ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ሠሩ። ያንን የጠፋባቸውን አማርኛ ተምረው የጂኦግራፊ መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደረሱ። በ1927 ደግሞ ለጣና ሐይቅ ግድብ ጉዳይ አሜሪካ ተልከው ከአንድ የምሕንድስና ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ፤ እግረ መንገዳቸውንም የእጅ ሙያ ያላቸው ጥቁር አሜሪካውያን ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ ጋበዙ። እንግሊዞች የዓባይ ነገር ስለሚያሳስባቸው ጉዳዩን በክፉ ዓይን አዩት፤ ያ ግድብም ሳይሠራ ቀረ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንምጣ። ከ1930 ገደማ ጀምሮ ሐኪም ወርቅነህ ጨርጨርን እንዲገዙ ተሾሙ። ጨርጨር ሐረርጌ ውስጥ ያለ የቡና አገር ነው፤ ከተማውም በዚያን ጊዜ አሰበ ተፈሪ፣ ዛሬ ጭሮ የሚባለው ነው። ከእሳቸው በፊት ቦታውን የገዙት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያትም ሩሲያ የመድፍ ትምህርት የተማሩ ሰው ነበሩ። ጨርጨር ለሌላው ግዛት ምሳሌ እንዲሆን የታሰበ ነበር። የተማሩ ወጣቶች ተመደቡበት፣ አስተዳደሩ ሥርዓት እንዲይዝ ተሞከረ። ሐኪሙ መንገድ ማሠራት ይወዱ ነበር፤ የዕለት ውሏቸውን በማስታወሻ ደብተር የሚመዘግቡ ሰው ናቸው። ለእኔ የሳይንስ ሰው ለሥልጣን የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሐኪም ሳያይ መድኃኒት አያዝም። ትናንት ምን እንደተሰጠና ምን ለውጥ እንደመጣ ይጽፋል። ገዢ ይህን ልማድ ይዞ ከመጣ ሕዝቡ ይጠቀማል።

ነገር ግን ሌላውንም ጎን እንይ። ጨርጨርን የገዙት ገበሬው መርጧቸው አይደለም፣ ከላይ ተሹመው ነው። ስለዚህ ሥራው በሰውየው ላይ የተንጠለጠለ ነበር። እሳቸው ተነሥተው በ1935 ለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆኑ፤ ወዲያው ጣሊያን ወረረን። ገዢው ጥሩ በመሆኑ የተገኘ ነገር፣ ገዢው ሲሄድ ማን ይጠብቀዋል?

ለንደን ላይ ደግሞ ዕውቀት ብቻውን የማይበቃበት ቦታ ገጠማቸው። እንግሊዝኛው አፋቸውን የፈቱበት ያህል ነው፣ የእንግሊዝን ጠባይ ያውቃሉ፣ እውነቱም ከእኛ ጋር ነበር። በየስብሰባው ተናገሩ፣ ለአገራቸው ገንዘብ አሰባሰቡ፣ የመርዝ ጋዙን ግፍ አሰሙ። ታላላቆቹ መንግሥታት ግን ማስረጃ አጥተው አይደለም ዝም ያሉት፣ ጥቅማቸውን አስልተው ነው። እንግሊዝም በ1938 የጣሊያንን ይዞታ አወቀች። በሽታውን አውቆ መድኃኒቱን የሚከለከል ሐኪም ምን ያደርጋል?

ከሁሉ የከፋው ሐዘን የመጣው በ1937 ነው። እንግሊዝ አገር ምሕንድስና ያስተማሯቸው ሁለት ልጆቻቸው፣ ዮሴፍና ቢንያም፣ ከየካቲት 12 በኋላ በጣሊያኖች ተገደሉ። መንገድና ድልድይ ሊሠሩ የሚችሉ ልጆች ነበሩ። አባት መርዶውን የሰሙት በሰው አገር ሆነው ነው። በስደት ሳለን መርዶ የደረሰን ሰዎች ያንን እናውቀዋለን፤ አልቅሰህ የምትቀበርበት አፈር እንኳ የለም። ከዚያ ሕንድ ተመልሰው ቆዩ፣ በ1942 አገራቸው ገቡ፣ በ1952 አረፉ።

እንግዲህ የእኔ መልስ ይህ ነው። የሳይንስ ሰው ጥሩ መሪ ሊሆን ይችላል፣ የሚሆነው ግን ዲግሪው ስላለው አይደለም። ሐኪም ወርቅነህን ያስከበራቸው ጠይቀው መረዳታቸው፣ በጎልማሳነታቸው እንደ ሕፃን ፊደል ቆጥረው የሕዝባቸውን ቋንቋ መማራቸው ነው። አውቃለሁ ብሎ የማይጠይቅ ምሁር ካልተማረው የባሰ ያስቸግራል፣ ስሕተቱን በዕውቀት ስም ይሸፍነዋላ! ደግሞም የቱንም ያህል አዋቂ ቢሆን፣ ሕዝቡ የሚጠይቀውና የሚያወርደው ካልሆነ፣ እኛ ያገኘነው ዕድል እንጂ መንግሥት አይደለም። በሽተኛ እንኳ ሐኪሙ ካልተስማማው ሌላ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል፤ ሕዝብስ?

እናንተ ምን ትላላችሁ? የማትስማሙ ካላችሁ ጻፉና ለሚቀጥለው እትም አድርሱን። እስከዚያው ቸር ይግጠመን፣ ለአገራችን ያብቃን።