አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ)፦ የትንሿ ድመት አባት

በደባርቅና በዳባት የድመት ስም አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው አይጥ ሲበዛ ነው። ጎተራው ሲደፈር ከጎረቤት አንዲት ግልገል ትለመናለች። ድመቲቱ አራት አምስት ስትወልድ ግን ፈላጊ ያጡት ግልገሎች ዓይናቸው ሳይገለጥ በማዳበሪያ ተቋጥረው የሚጣሉበት ጊዜ አለ። ውድ አንባቢያን! ይህን እንደ ቀላል ነገር ለምናልፍ ሰዎች የአንድ ታላቅ ሰሃባ ሕይወት ትምህርት አለው።

እኒህ ሰሃባ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ናቸው። በብዙ ዑለማዎች ዘንድ ስማቸው ዐብዱራሕማን ኢብን ሰኽር ነው። ትውልዳቸው ከየመን፣ ከደውስ ጎሳ ነው። የቤተሰባቸውን መንጋ ሲጠብቁ አንዲት ትንሽ ድመት ነበረቻቸው። ሌሊት ዛፍ ላይ ያሳድሯታል፤ ሲነጋ ይዘዋት ይወጡና ሲያጫውቷት ይውላሉ። ከዚህ የተነሳ አቡ ሁረይራ ተባሉ፤ የትንሿ ድመት አባት ማለት ነው። በእረኝነት የወጣ ስም እነሆ ዛሬም በየመስጊዱ ይጠራል።

ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የመጡት በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ (628 እ.ኤ.አ.)፣ በኸይበር ዘመቻ ወቅት ነው። በዚያው ሰሞን ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ከሐበሻ ምድር ስደት ተመልሰው ደረሱ። አቡ ሁረይራ ሀብትም ንግድም አልነበራቸውም። ማደሪያቸው በመስጊዱ ጥግ የነበረው የድሆች መጠለያ፣ ሱፋ፣ ነበር። ረሃቡ ሲበረታባቸው ራሳቸውን ስተው የሚወድቁበት ጊዜ ነበር፤ ያያቸው ሰው ዕብደት ይመስለው ነበር። ቤቱ ወስዶ ከሚያበላቸው አንዱ ጀዕፈር ነበሩ። ምግብ ሲያልቅ ባዶውን የቅቤ ስልቻ አውጥተው ይቀዱላቸውና የተረፈውን ይልሱ ነበር። በሐበሻ ምድር በእንግድነት የኖሩት ሰው ለተራበ እንግዳ በራቸውን አልዘጉም።

አቡ ሁረይራ ከነቢዩ ሳይለዩ ያዩትንና የሰሙትን በልባቸው ያዙ። በስማቸው የተቆጠሩት ሐዲሶች 5,374 ናቸው። በዑመር (ረ.ዐ) ዘመን ባሕረይንን አስተዳድረዋል። ካስተላለፏቸው ሐዲሶች አንዱ ድመት ዘግታ ስለያዘች ሴት ይናገራል። ሴትዮዋ አላበላቻትም፤ የምድር ተባይ ፈልጋ እንድትበላም አልለቀቀቻትም፤ ድመቲቱ ሞተች፤ ሴትዮዋም በዚህ ምክንያት ተቀጣች። ይህን የነገሩን ረሃብን በገዛ ሆዳቸው ያወቁ ሰው መሆናቸውን ልብ እንበል።

አቡ ሁረይራ ከ57 እስከ 59 ዓመተ ሂጅራ ባለው ጊዜ አርፈው በመዲና በአልበቂዕ ተቀበሩ።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ሐዲሱ ድመት አትያዙ አይልም፤ ከያዛችሁ ኃላፊነቷን ተሸከሙ ነው ትምህርቱ። ግልገሏ ሁለት ወር ገደማ ሳይሞላት ከእናቷ አትለይ። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የሰሜን ተራሮች ብርድ ለሰውም አይመችም። ስለዚህ ነፋስ በማይነካው ጥግ ጨርቅ የተነጠፈበት ካርቶን ይዘጋጅላት። የላም ወተት ብዙ ጊዜ ተቅማጥ ያስይዛታልና ንጹሕ ውኃና የደቀቀ ሥጋ ይሻላታል። የእብደት በሽታ ከውሻ ብቻ አይመጣም፤ ድመትም ታስተላልፋለች። ስለዚህ በጊዜው ትከተብ። ልጅ ከተነከሰ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥቦ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው።

ልጆቻችን አቡ ሁረይራን በስም ያውቋቸዋል። ያን ስም ያወጣላቸውን ርኅራኄ ግን ከእኛ እጅ ካላዩ ከየት ይማሩታል? ግልገሎቹን በማዳበሪያ ስንቋጥር አጠገባችን ቆመው እያዩን ነው።