ማሪዬታ ብላው፦ የማይታየውን ለዓይን ያበቃች ሠራተኛ

አምባ መቅደላ ላይ የቆመ ሰው የደጋውን ብርድና ነፋስ ያውቃል። ከህዋ እየወረደ አካሉን አቋርጦ የሚያልፈውን ጨረር ግን አያይም፤ አይሰማውምም። ይህ ጨረር በሁሉም ሥፍራ ይወርዳል፤ ከፍ ባለ ተራራ ላይ ግን የሚከልለው አየር ስለሚሳሳ ይበረታል። የዚህን ስውር ኃይል ዱካ መዝግባ ለዓይን ያበቃችውን የማሪዬታ ብላውን ሕይወት ለሠራተኛውና ለነዋሪዎች ማኅበራት አባላት ማስተዋወቅ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ማሪዬታ ብላው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1894 በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደች። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በ1919 የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበለች፤ ከ1923 ጀምሮም በቪየናው የራዲየም ምርምር ተቋም ገብታ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ደመወዝ አገለገለች። ደመወዝ ያለው ቦታ በጠየቀች ጊዜ፣ ሴትነትና አይሁድነት ሲደራረቡ ነገሩ የማይቻል እንደሆነ እንደተነገራት ይተረካል።

የመረጠችው መሣሪያ የፎቶግራፍ ሰሌዳ ነበር። በሰሌዳው ላይ የተቀባው ኢመልሽን የብር ውህድ ፍሬዎች የተበተኑበት ጄላቲን ነው። የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ቅንጣት ሲያልፍበት የነካቸው ፍሬዎች፣ ሰሌዳው በመድኃኒት ሲታጠብ ይጠቁራሉ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩም እንደ ስፌት ተደርድረው ቅንጣቱ የሄደበትን መንገድ ይመሰክራሉ። ብላው በዚህ ዘዴ የፕሮቶንን ዱካ በ1925 ለማየት በቃች። በ1937 ደግሞ ከኸርታ ቫምባኸር ጋር በመሆን፣ ከኢንስብሩክ በላይ በ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ለወራት የቆዩ ሰሌዳዎችን መረመረች። በዚያም የህዋ ጨረር የአቶምን አስኳል ሲሰብር ፍንጣሪው እንደ ኮከብ የተበተነበትን ምልክት አገኙ።

ይሁን እንጂ በ1938 የናዚ ጦር ኦስትሪያን ያዘ። የሥራ ባልደረባዋ ቫምባኸር የናዚ ፓርቲ አባል ስትሆን፣ ብላው ግን ስደተኛ ሆነች። ወደ ኦስሎ፣ ከዚያም ወደ ሜክሲኮ ስትጓዝ የምርምር ጽሑፎቿ ሐምቡርግ ላይ ተወሰዱባት።

በዚህ መካከል የጠመንጃ ሠሪ ልጅ የሆነው ሴሲል ፓወል በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ዘዴውን አሻሻለ። በቤተ ሙከራው ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሰው ዱካውን የሚለቅሙት በአብዛኛው ሴት ሠራተኞች ነበሩ። በ1947 ፓይ ሜሶን የተባለው ቅንጣት ተገኘ፤ በ1950 የኖቤል ሽልማት ለፓወል ብቻ ተሰጠ። ፓወል ሽልማቱ አይገባውም ማለታችን አይደለም። መሠረቱን የጣለችውና ኤርቪን ሽሮዲንገር ለዚያው ሽልማት የጠቆማት ሴት ግን ተዘለለች።

ዘዴው ግን ፍሬ ማፍራቱን ቀጠለ። በ1952 በዋርሶ ማርያን ዳኒሽና የዢ ፕኒየቭስኪ ኢመልሽን ውስጥ እንግዳ የሆነ የአቶም አስኳል አገኙ። አስኳሉ ከፕሮቶንና ከኒውትሮን ሌላ፣ ላምዳ የተባለና ከሰከንድ ቢሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ የሚጠፋ ቅንጣት አቅፎ ነበር። በእኛው ዘመንም የጃፓን ተመራማሪዎች ሁለት እንግዳ ቅንጣቶች የያዙ አስኳሎችን በኢመልሽን እየፈለጉ አግኝተዋል።

ብላው በ1960 ወደ ቪየና ተመለሰች፤ እንደገናም ያለ ደመወዝ ሠራች። በ1962 በሽሮዲንገር ስም የተሰየመውን ሽልማት ብትቀበልም፣ የአገሯ የሳይንስ አካዳሚ በአባልነት ሳይቀበላት በ1970 አረፈች።

ከዚህ ሕይወት የምንቀስመው ትምህርት ግልጽ ነው። ዕውቀት የብዙ እጆች የሥራ ውጤት ሆኖ ሳለ፣ ክብሩና ደመወዙ በጾታና በዘር ሲመዘን የሚጎዳው አንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ዕውቀት ራሱ ይጎዳል። በየፋብሪካውና በየመሥሪያ ቤቱ ሥራው የሚታይ፣ ስሙ ግን የማይጠራ ሠራተኛ አለ። የብላው ሰሌዳ የማይታየውን እንዳሳየ ሁሉ፣ የእነዚህን ሠራተኞች ድካም ማሳየትና ዋጋቸውን መስጠት የሁላችንም ግዴታ ነው።