«ተማሪ» የተባለው የቢራ ጠማቂ

እኛ የሕግ ሰዎች ምስክር ይመዘናል እንጂ አይቆጠርም እየተባልን ነው የተማርነው። የስታትስቲክስ ሰዎች ግን ብዙ ካልቆጠሩ የማያምኑ ይመስሉኝ ነበር። የዊሊያም ሲሊ ጎሴትን ታሪክ ካነበብኩ ወዲህ ይህን ሐሳቤን ትቻለሁ።

ጎሴት እ.ኤ.አ. በ1876 በእንግሊዝ አገር በካንተርበሪ ተወለደ። ኦክስፎርድ ሒሳብና ኬሚስትሪ ተምሮ በ1899 ደብሊን በሚገኘው የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ተቀጠረ። እዚያ የጠበቀው ጥያቄ የጠማቂ ጥያቄ ነበር፤ የትኛው ገብስ ይሻላል? የትኛው ብቅል? ሙከራ ደግሞ መሬት፣ ጊዜና ገንዘብ ይበላል፤ ገብስም በፋብሪካው ጥድፊያ ልክ አይደርስም። የጊዜው ስታትስቲክስ የተሠራው በመቶና በሺህ ለሚቆጠር መረጃ ነው። አራት አምስት ውጤት ብቻ በእጁ የያዘ ሰው የሚጠጋበት አልነበረውም።

ፋብሪካው በ1906 ለንደን፣ ታዋቂው ካርል ፒርሰን ዘንድ ላከው። ኮምፒውተር የለ፤ ስለዚህ የ3000 ወንጀለኞችን ቁመትና የግራ እጅ የመሃል ጣት ርዝመት በ3000 ካርቶኖች ላይ ጻፈ። ካርቶኖቹን በውዞ አራት አራት እያደረገ 750 ናሙና አወጣ። (ወንጀለኛ ለቢራ እንዲህ ይጠቅማል ብዬ አላስብም ነበር!) በወረቀት የደረሰበትን ቀመር ከነዚህ ጋር አመሳከረ። ሙከራው ሲያንስ ጥርጣሬው ምን ያህል መስፋት እንዳለበት የሚያሳይ ሰንጠረዥም አዘጋጀ።

ጥናቱ በ1908 ታተመ። ፋብሪካው ምስጢር እንዳይወጣበት ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲጽፉ አይፈቅድም ነበርና ጎሴት «ስቱደንት»፣ ማለትም «ተማሪ» ተባለ። ዛሬ ኮሌጅ የረገጠ ሁሉ የሚያውቀው የስቱደንት ቲ-ቴስት የሱ ነው።

እኔን የማረከኝ ግን ቀመሩ አይደለም። ጎሴት ለሁሉም ጉዳይ የሚሆን አንድ የእርግጠኝነት ልክ አለ አላለም፤ ልኩን የሚወስነው መሳሳት የሚያስከትለው ኪሳራና ሙከራው የሚጠይቀው ወጪ ነው። ከብቅል የሚገኘውን ስኳር ለማወቅ አሥር ለአንድ የሆነ እርግጠኝነት ለጠማቂው በቂ ነው ብሎ አራት ልኬት ይበቃል አለ። መቶ ጊዜ መለካት ሊቅነት ሳይሆን ብክነት ነበር። በፍርድ ቤትም እኮ ለፍትሐ ብሔርና ለወንጀል የምንጠይቀው የማስረጃ ክብደት አንድ አይደለም።

ከወዳጁ ከሮናልድ ፊሸር ጋር ያከራከረውም ይኸው ተግባራዊነቱ ነው። ፊሸር የትኛው ዘር የትኛው ቁራሽ መሬት ላይ ይዘራ የሚለውን ዕጣ ይወስን አለ። ጎሴት ደግሞ ሁለቱ ዘሮች ጎን ለጎን ተፈራርቀው ቢዘሩ የመሬቱን ለምነት እኩል ይካፈላሉ፣ ለገበሬውም ይቀላል ባይ ነበር። የመማሪያ መጻሕፍቱ ለፊሸር ፈርደዋል። ዕጣ ከአድልዎ እንደሚጠብቅ አልክድም፤ ሆኖም ማሳው ላይ ለቆመ ሰው የጎሴት መንገድ ይታየኛል።

በ1935 ፋብሪካው ለንደን ውስጥ በፓርክ ሮያል የከፈተውን አዲስ ጠመቃ እንዲመራ ተዛወረ። በጥቅምት 1937 በ61 ዓመቱ ሞተ። በዚሁ ክርክር ላይ የጻፈው የመጨረሻ ጥናቱ ከሞቱ በኋላ በ1938 ወጣ፤ ያኔም የጸሐፊው ስም «ስቱደንት» ነው የሚለው።