የካርል ሌምሌ ሁለት ወረቀቶች

የአስፈሪ ፊልሞችን የቆዩ ማስታወቂያዎች የሚሰበስቡ ሰዎች አብልጠው ከሚሹት መካከል ዩኒቨርሳል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ1931 ጀምሮ ያሳተማቸው ፖስተሮች ይገኛሉ። የኩባንያው መሪ ካርል ሌምሌ እ.ኤ.አ. በ1867 በደቡብ ጀርመን፣ ላውፕሃይም በምትባል አነስተኛ ከተማ፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። በ17 ዓመቱ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ለብዙ ዓመታት በልዩ ልዩ አነስተኛ ሥራዎች ከደከመ በኋላ በዊስኮንሲን ግዛት፣ በኦሽኮሽ ከተማ፣ የአንድ ልብስ መደብር ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ገበያተኛን በማስታወቂያ የመሳብን ብልሃት የተካነው በዚያ ነበር።

በ1906 በቺካጎ አነስተኛ ሲኒማ ቤት ከፈተ፤ ቀጥሎም ፊልም ማከራየት ጀመረ። የፊልም መሣሪያዎችን ፓተንት የያዙት ኤዲሰንና ተባባሪዎቹ በ1908 ማኅበር አቋቁመው ገበያውን ለብቻቸው ሊይዙ በተነሡ ጊዜ፣ ሌምሌ መገበርን እምቢ ብሎ የራሱን ፊልም ወደ መሥራት ተሸጋገረ። በ1912 ከሌሎች ጋር ሆኖ ዩኒቨርሳልን መሠረተ። በ1915 ፍርድ ቤት ማኅበሩን ሕገ ወጥ ሲል ፈረደበት፤ ሌምሌም በዚያው ዓመት በሎስ አንጀለስ አጠገብ ዩኒቨርሳል ሲቲ የተባለውን የፊልም መንደር መርቆ ከፈተ።

በ1929 የፊልም ሥራውን ኃላፊነት ለልጁ አስረከበ። በልጁም አመራር በ1931 «ድራኩላ» እና «ፍራንከንስታይን»፣ በ1932 ደግሞ «ዘ መሚ» ተሠሩ። ፖስተሮቻቸው ለየቀለሙ በተዘጋጀ የተለየ ማተሚያ በሊቶግራፍ የታተሙ ሲሆኑ፣ መደበኛ መጠናቸው 69 በ104 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። ታጥፈው ወደ ሲኒማ ቤቶች ይላካሉ፤ ትርኢቱ ሲያበቃ ወይ ተመልሰው ለሌላ ሲኒማ ቤት ይሰጣሉ፣ ወይም ይጣላሉ። ለጥቂት ሳምንታት እንጂ ለዘመናት ታስበው የተሠሩ ስላልነበሩ የተረፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ስለዚህም አንድ የ«ዘ መሚ» ፖስተር በ1997 በ453,500 ዶላር፣ አንድ የ«ድራኩላ» ፖስተር ደግሞ በ2017 በ525,800 ዶላር በሐራጅ ተሸጡ።

ሌምሌ ራሱ ከዚህ ሀብት አልተጠቀመም። በ1936 ብድሩን መክፈል ስላቃተው ኩባንያው ከእጁ ወጣ። በዚያን ጊዜ ግን ሌላ ዓይነት ወረቀት ያስጨንቀው ነበር። ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ከያዙ በኋላ፣ ከጀርመን ለመሸሽ የሚሹ አይሁዶች አሜሪካ ለመግባት የዋስትና ወረቀት ያስፈልጋቸው ነበር። የሚፈርመውም ሰው፣ መጤው የመንግሥት ሸክም ቢሆን ወጪውን ሊችል ግዴታ ይገባል። ሌምሌ ለላውፕሃይም ተወላጆችና ለማያውቃቸውም ሰዎች ሳይታክት ፈረመ። ባለሥልጣኖች ዕድሜው መግፋቱንና የፈረመውን ብዛት አይተው ዋስትናውን ለመቀበል ማመንታት ሲጀምሩ፣ አቤቱታ ጻፈ፤ ወዳጆቹም በእርሱ ፈንታ እንዲፈርሙ ለመነ። በዚህ ጥረቱ ከ300 በላይ ሰዎች ከሞት እንደዳኑ ይነገርለታል።

ጦርነቱ በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ መስከረም 24 ቀን 1939 እ.ኤ.አ.፣ ዐረፈ። ዛሬ ሰብሳቢዎች በመስታወት ውስጥ በሚያስቀምጧቸው ፖስተሮች ላይ፣ ፊልሙን ያቀረበው ሰው ስም ሆኖ የታተመው ካርል ሌምሌ የሚለው ነው። በዋስትናዎቹ ግርጌ በእጅ የተጻፈውም ያው ስም ነበር። ፖስተሮቹን ሰው ደጋግሞ ይገምታቸዋል፤ ዋስትናዎቹ ግን ሐራጅ ሳይጠሩባቸው ዋጋቸውን ያገኙት ከመርከብ በወረዱት ሰዎችና በልጆቻቸው ነው።