ሕመም ያላገዳት ሐሪየት ተብማን

እኔ የሚጥል በሽታ ስላለብኝ በክፍል ፊት ቆሜ ማንበብ እፈራ ነበር። ፍርሃቴን ያቀለለልኝ የሐሪየት ተብማን ታሪክ ነው።

ሐሪየት በአሜሪካ በሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ1822 ገደማ ከባሮች ተወለደች። በልጅነትዋ አንድ አለቃ በሌላ ባሪያ ላይ የወረወረው የሚዛን ብረት ራስዋን ፈነከታት። ከዚያ ወዲህ በሥራም በመንገድም ላይ ሳለች ድንገት እንቅልፍ ይጥላት ነበር። ማንበብና መጻፍም አልተማረችም።

በ1849 አምልጣ ወደ ፊላዴልፍያ ገባች። ነገር ግን ዘመዶችዋ በባርነት ሳሉ የራስዋ ነፃነት ብቻ አላስደሰታትም። ብትያዝ የሚደርስባትን እያወቀች 13 ጊዜ ያህል ተመልሳ 70 የሚያህሉ ሰዎችን በሌሊት እየመራች አወጣች። በመንገድ ሕመሙ ሲጥላት ተከታዮችዋ እስክትነቃ ይጠብቋት ነበር። እርስዋም መሪዋ እግዚአብሔር መሆኑን አምና ተነሥታ ጉዞዋን ትቀጥል ነበር። ከመራቻቸው አንድ ሰው እንኳ አልጠፋባትም። በ1913 በኦበርን ከተማ ዐረፈች።

እኔም ሕመሜ እስኪለቀኝ ሳልጠብቅ በእግዚአብሔር ታምኜ ይህንኑ ታሪክ በክፍል ፊት አነበብሁ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ግን እስከ መጨረሻው አደረስሁት። አንድ ቀን ብወድቅ፥ ጓደኞቼ ሆይ፥ እስክነቃ ጠብቁኝ።